«ግድ የለም፣ የዚህን ወር ተወው»

በጎጃም፣ በደጋ ዳሞት ወረዳ ዋና ከተማ በፈረስ ቤት አንድ የመጠጥ ወኪል አከፋፋይ አለ እንበል። ውሉ በየወሩ የተወሰነ ሳጥን እንዲያነሳ፣ ባዶውን ጠርሙስ ቆጥሮ እንዲመልስና ሒሳቡን በቀኑ ባንክ እንዲያስገባ ያስገድደዋል። መንገድ ተዘግቶ ኮታውን ማንሳት ሲያቅተው የኩባንያው የሽያጭ ሠራተኛ ደውሎ «ግድ የለም፣ የዚህን ወር ተወው» ይለዋል። የሚቀጥለውም ወር እንዲሁ ያልፋል። ከወራት በኋላ ግን ኮታውን ባለማሟላቱ ውሉ መቋረጡንና ቅጣት እንዳለበት የሚገልጽ ደብዳቤ ይደርሰዋል።

ያ የስልክ ቃል ግዴታውን አስቀርቶለታል?

ጥያቄው የአንድ ወኪል ብቻ አይደለም። በሌላ ሰው የንግድ ስምና አሠራር፣ ክፍያ እየከፈሉ መነገድ ፍራንቻይዝ ይባላል። በ2010 ዓ.ም. በላይአብ ፉድስ የተባለው ኩባንያ አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ፒዛ ሃት የዚህ ምሳሌ ነው። የሞሐ ፋብሪካዎች ፔፕሲን የሚሞሉትም ከምልክቱ ባለቤት ባገኙት ፈቃድ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አውራ ጎዳና ዳር የሚታዩት የነዳጅ ማደያዎችና የመጠጥ ወኪሎች ውላቸው በስም ቢለይም ጠባዩ ይቀራረባል፤ አንዱ ወገን ደንብ ያወጣል፣ ሌላው በደንቡ ይሠራል።

ኢትዮጵያ ፍራንቻይዝን ለብቻው የሚገዛ አዋጅ ስለሌላት ክርክሩ የሚዳኘው በዋናነት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በቁጥር 1731 መሠረት በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል። የመኪና ኪራይ ናረ፣ ገበያው ቀዘቀዘ ማለት ብቻውን ከግዴታ አያወጣም፤ ቁጥር 1764 ሁኔታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደሚጸና ይናገራል። ያልታሰበና ግዴታን መፈጸም ፈጽሞ የማያስችል እንቅፋት ሲገጥም ብቻ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል (ቁጥር 1792) ይነሳል።

ባለመብቱ ራሱ ሲምርስ? ቁጥር 1825 በሩን ይከፍታል። ባለገንዘቡ «ነፃ አውጥቼሃለሁ» ብሎ ለባለዕዳው ካስታወቀና ባለዕዳው ወዲያው እምቢ ካላለ ግዴታው ይቀራል። የፈረስ ቤቱ ወኪል ግን ሦስት ነገር ይጠየቃል። የደወለው ሠራተኛ ዕዳ ለመማር ሥልጣን ነበረው? ቃሉን በምን ያስረዳል? ውሉ በተለየ ፎርም የተደረገ ከሆነስ? በቁጥር 1722 መሠረት እንዲህ ያለ ውል የሚሻሻለው በዚያው ፎርም ነው። ብዙ የፍራንቻይዝ ውሎች ደግሞ «መብትን በጊዜው አለመጠቀም መብትን እንደመተው አይቆጠርም» የሚል አንቀጽ አላቸው። ወኪሎች ሲፈርሙ እምብዛም የማያነቡት ይህን ነው።

ወኪሉም መከላከያ አለው። በቁጥር 1772 መሠረት ኩባንያው ውል ተጣሰ ከማለቱ በፊት «ግዴታህን ፈጽም» የሚል ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ። ከእነዚያ ውጭ ወራት ሙሉ ዝም ብሎ ድንገት ማቋረጥ በሕግም በኅሊናም አይደገፍም።

ለአንዱ ግዴታ የተደረገ ምሕረት ለሌላው አይተርፍም። ሬይሞንድ ዳያን የተባለ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1971 በፓሪስ የማክዶናልድስን ስም ሲወስድ ክፍያው ከሽያጩ 1 በመቶ ብቻ ነበር። ኩባንያው ምግብ ቤቶቹ ንጽሕና እንደጎደላቸው ገልጾ ሲያባርረው፣ ዳያን ምክንያቱ ያ ርካሽ ክፍያ ነው ብሎ ተከራከረ። በአሜሪካ የኢሊኖይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 ለኩባንያው ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚውም እ.ኤ.አ. በ1984 አጸናው። ክፍያው ቢቀነስለትም የንጽሕና ደረጃው አልተቀነሰለትም ነበር። ያው ኩባንያ በኮሮና ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2020 የባለፍራንቻይዞቹን ኪራይና የስም ክፍያ ወደ ኋላ ሲገፋም ጊዜ ሰጠ እንጂ ዕዳውን አልማረም።

በጎጃም እንዲህ ያለ ጠብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ ነው፤ መልካምም ነው። ሕጉ (ቁጥር 3307) ተዋዋዮች እየተቻቻሉ ክርክራቸውን የሚጨርሱበትን እርቅ እንደ ውል ይቀበለዋል። ነገር ግን ሽማግሌው ፊት «ይቅር» የተባለው ዕዳ ስንት እንደሆነ፣ ለየትኛው ወር እንደሆነ፣ ማን እንደተወው በወረቀት ካልሰፈረ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ኩባንያ ላይ ማስረጃ ማድረግ ይከብዳል።

ስለዚህ «ተወው» የተባለ ወኪል በማግስቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፍ። ወሩን፣ የሳጥኑን ቁጥርና የተሰጠውን ቃል ይጥቀስ፤ በሥራ አስኪያጁ ፊርማና ማኅተም እንዲመለስለት ይጠይቅ፤ ቅጂውንም ከውሉ ጋር ያስቀምጥ።