የኅብለ ሰረሰር የመድኃኒት ፓምፕ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ

ከውጭ አገር ወደ ሐዋሳ ከሚመለሱ ወገኖች መካከል በሆዳቸው ቆዳ ሥር የመድኃኒት ፓምፕ የተቀበረላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ከቲታኒየም የሚሠራው ይህ ክብ መሣሪያ በቀጭን ቱቦ አማካይነት መድኃኒትን በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ወዳለው ፈሳሽ ያደርሳል። ለጽኑ ሕመም ሞርፊን፣ ለጡንቻ መወጠር ደግሞ ባክሎፌን የተሰኘው መድኃኒት ይሞላበታል። መድኃኒቱ ወደ ሥፍራው በቀጥታ ስለሚደርስ መጠኑ እጅግ አነስተኛ ነው፤ በተለመደው ስሌት መሠረት ለሞርፊን በአፍ ከሚወሰደው 300ኛ እጅ ያህሉ ይበቃል።

ፓምፑ የሚወጣው ቁስሉ ሲመረቅዝ፣ ቱቦው ሲበላሽ፣ ባትሪው ሲያልቅ ወይም ሕክምናው ጥቅም መስጠቱን ሲያቆም ነው። ባትሪው በአብዛኛው ከ4 እስከ 7 ዓመት ያገለግላል። ሐኪሙ በቀድሞው ጠባሳ ላይ ቀዶ ፓምፑን ያላቅቃል፤ ቱቦውንም ከጀርባ ስቦ ያወጣል። ከዚያ በኋላ የኅብለ ሰረሰሩ ፈሳሽ ቢያፈስ ብርቱ ራስ ምታት ያስከትላል። ብክለቱ ወደ ፈሳሹ ከዘለቀም የማጅራት ገትር ሥጋት አለ።

ይሁንና ከቢላዋው ይልቅ የሚያሠጋው የመድኃኒቱ በድንገት መቋረጥ ነው። ባክሎፌን ሲቋረጥ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የአእምሮ መቃወስና ከቀድሞው የባሰ የጡንቻ መገታተር ይከሰታል፤ ጡንቻ እየፈራረሰ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ይህንን እ.ኤ.አ. በ2002 በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ በጥብቅ ማስጠንቀቂያነት እንዲሰፍር አድርጓል። ምልክቶቹ ከብርቱ ብክለት ጋር ስለሚመሳሰሉ ሐኪምን ሊያሳስቱ ይችላሉ። ስለዚህ ጊዜ ሲኖር መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ፓምፑ በመመረቀዝ ምክንያት በአስቸኳይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በአፍ የሚወሰድ ባክሎፌንና ጡንቻ የሚያላሉ ሌሎች መድኃኒቶች አስቀድመው ይዘጋጃሉ። የአፉ መድኃኒት የፓምፑን ያህል ስለማይደርስ ታማሚው በሆስፒታል ክትትል ሥር ይቆያል።

በአገራችን የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ፓምፑን ለማውጣት ግን የቀዶ ሐኪም ብቻ አይበቃም፤ የመሣሪያውን ፍሰት የሚያነብና የሚያስተካክል ልዩ መቆጣጠሪያም ያስፈልጋል። መቆጣጠሪያው በየሆስፒታሉ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። በመሆኑም ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት መሙያ ቀኑን ማስላት፣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የመድኃኒቱን ስምና ክምችት፣ የቀን መጠኑንና የመጨረሻ መሙያ ቀኑን የያዘ ካርድ መያዝ ይኖርበታል። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ በሌላ ተቋም ድንገተኛ ክፍል የሚቀበለው ሐኪም በቅድሚያ የሚጠይቀው ይህንኑ ካርድ ነው።