በትራክተርና በከባድ መኪና ጥገና ጊዜ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በአሶሳና በአካባቢው ዝናቡ ከሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ይሁን እንጂ መሬቱ ታርሶና ተለስልሶ በቆሎ፣ ማሽላ፣ አኩሪ አተርና ሰሊጥ የሚዘራበት ጊዜ አጭር ነው። ትራክተር የሚበላሸውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ የሥራ ጥድፊያ መካከል ነው። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ፤ በደረሰ ጊዜ ደግሞ አባላቱ ሁሉ መካኒኩን ያጣድፉታል። አደጋውም የሚመጣው በዚህ ችኮላ ውስጥ ነው።

የእርሻ መሣሪያ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በአሶሳና በመተከል በተካሄደው ሰፈራ፣ እንዲሁም በጣና በለስ ፕሮጀክት፣ ብዙ ትራክተሮች ሠርተዋል። ዛሬም የማኅበራትና የግል ትራክተሮች፣ የእህል ጭነት መኪናዎችና ገልባጮች በከተማው ጋራዥም ሆነ በዛፍ ጥላ ሥር ይጠገናሉ። የልማት ሠራተኛው መካኒክ ባይሆንም በቦታው ስለሚገኝ፣ አደገኛ አሠራር ሲያይ ሥራውን ለማስቆም የሚያስችለው ዕውቀት ሊኖረው ይገባል።

1. ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም

በአንድ የገበሬዎች ማኅበር ግቢ የሚከተለውን ተመልክተናል። ትራክተሩ በአንድ ክሪክ ተነሥቷል፤ ክሪኩ በድንጋይ ላይ ቆሟል፤ ወጣቱ ረዳት ደግሞ ከሥሩ በጀርባው ተኝቶ ብሎን ይፈታል። በዚያን ቀን ምንም አልደረሰም። ጉዳቱም ይኸው ነው፤ አሥር ጊዜ በሰላም የወጣ ሰው አሠራሩ ትክክል ይመስለዋል።

የዘይት ክሪክ ጭነቱን የሚይዘው በውስጡ በታመቀው ዘይት ነው። ዘይቱን አግዶ የሚይዘው ደግሞ አንድ ትንሽ የጎማ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ሲያረጅ ክሪኩ ቀስ በቀስ ወይም በድንገት ይወርዳል። መካከለኛ ትራክተር 3 ቶን ያህል ስለሚመዝን ከሥሩ ያለ ሰው ለማምለጥ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ፦

ሀ) ማሽኑን በደረቅና በደልዳላ ቦታ ማቆም። የአካባቢያችን ቀይ አፈር በክረምት ስለሚለሰልስ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ወይም የብረት ሰሌዳ ማንጠፍ ያስፈልጋል።

ለ) ሞተሩን ማጥፋት፣ ቁልፉን ነቅሎ የሚጠግነው ሰው በኪሱ እንዲይዝ ማድረግ፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ማድረግ።

ሐ) በክሪክ ካነሡ በኋላ ክብደቱን በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ወይም በተነባበረ ወፍራም እንጨት ላይ ማሳረፍ። ድንጋይ ይንሸራተታል፤ ጡብና ብሎኬት ምልክት ሳይሰጡ ይፈረካከሳሉ።

መ) ከሥር ከመግባት በፊት ማሽኑን ከውጭ ገፋ አድርጎ መፈተን። የሚወዛወዝ ከሆነ እንደገና መደገፍ።

ይህ ደንብ በሃይድሮሊክ ለተነሣ ነገር ሁሉ ይሠራል። ማረሻው ከመጠገኑ በፊት መሬት ላይ ይውረድ። የገልባጭ መኪና ካሶኒ ተነሥቶ ከሥሩ ሲሠራ በብረት ድጋፍ መያዝ አለበት፤ ሌላ ሰው ማንሻውን ሳያስበው ቢነካው ወይም ቱቦ ቢፈነዳ የሚያድን ሌላ ነገር የለም።

2. ጎማ ሲነፋ

የብዙ ጭነት መኪናዎች ጎማ በቸርኬው ላይ የሚያዘው በብረት ቀለበት ነው። ጎማው ሲሞላ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 7 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ይኖራል። ቀለበቱ በሚገባ ካልተቀመጠ ወይም ከዛገ ሰው ሊገድል በሚችል ኃይል ይፈናጠራል። በመሆኑም ጎማውን ከመፍታት በፊት አየሩን ፈጽሞ ማውጣት፣ ቀለበቱን መመርመር፣ ሲነፉም በብረት ፍርግርግ ውስጥ አድርጎ በረጅም ቱቦ በጎን ርቆ መቆም ያስፈልጋል። አየር እየተሞላ ሳለ ቀለበቱን በመዶሻ መምታት ክልክል ነው።

3. የሃይድሮሊክ ዘይትና ናፍጣ

በትራክተር ሃይድሮሊክ መስመር ያለው ግፊት ከ150 ባር ሊበልጥ ይችላል። በዓይን ከማይታይ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል። ስለዚህ ማፍሰሻውን በእጅ መፈለግ አይገባም፤ የካርቶን ቁራጭ ይበቃል። ዘይት የወጋው ጣት መጀመሪያ ላይ እሾህ የነካው ይመስላል፤ ሕመሙም ቀላል ነው። ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ እጅ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ስለሚችል፣ “ነገ ይሻለዋል” ሳይባል ወደ አሶሳ ወይም ቅርብ ወደሆነው ሆስፒታል መውሰድ ያሻል።

4. ባትሪና ብየዳ

ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል፤ በአጠገቡ ሲጋራና ክብሪት አይለኮስም። ገመዱ ሲፈታ አሉታዊው ይቀድማል፤ ሲታሰርም መጨረሻ ላይ ይታሰራል። ባዶ የነዳጅ በርሜል ወይም ታንክ መበየድ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይፈነዳልና። የናፍጣ እሳት ላይ ውኃ አይደፋም፤ አሸዋ ወይም የእሳት ማጥፊያ ይዘጋጅ። በተዘጋ ቤት ውስጥም ሞተር አይነሣ፤ ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት።

5. የማኅበሩ ኃላፊነት

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብና አጠቃቀሙን የማስተማር ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ማኅበሩ የራሱ ትራክተር ካለው ሁለት ጥንድ የብረት ማቆሚያ፣ አራት ታኮ፣ የዓይን መነጽር፣ ጓንትና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን በንብረት መዝገቡ ላይ እንዲያሰፍር እንመክራለን። ማቆሚያውን የአካባቢው ብረት ሠራተኛ ከወፍራም ብረት ሊሠራው ይችላል፤ ሆኖም ሰው ከሥሩ ከመግባቱ በፊት በማሽኑ ክብደት ይፈተን። ጥገና በሚካሄድበት ቦታ ሕፃናት አይገኙ፤ አንድ ሰውም ብቻውን ከማሽን ሥር አይሥራ።

ማጠቃለያ

ማቆሚያ ማስገባት የሚወስደው ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። የዘገየ እርሻ በሌላ ትራክተር ወይም በበሬ ይካካሳል፤ የተጎዳ ሰው ግን መለዋወጫ የለውም። ስለዚህ የልማት ሠራተኞች ይህን ጽሑፍ ከእርሻ ወቅት በፊት በማኅበሩ ስብሰባ ላይ እንዲያነቡት፣ አማርኛ ለማይሰሙ አባላትም በየቋንቋቸው እንዲያስረዱ እናሳስባለን።