ስለ እጅ ጽሕፈት የሚባለውና እውነታው

የላቲን ፊደላትን እያያያዙ የሚጽፉበት ከርሲቭ ከትምህርት ቤት ይቅር ወይስ ይቆይ የሚለው ክርክር የተነሣው በውጭ አገር ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የተቀበሉት የ2010 (እ.ኤ.አ.) የጋራ የትምህርት መመዘኛ ከርሲቭን አላካተተም፤ ካሊፎርኒያ ግን በ2023 ባወጣችው ሕግ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል እንዲሰጥ አድርጋለች። ወሬው አማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ሲደርስ የተሳሳቱ እምነቶችንም ይዞ መጥቷል።

አንደኛው፣ «የግእዝ ፊደል ስለማይያያዝ የጽሕፈት ትምህርት አያሻውም» የሚለው ነው። እውነታው ተቃራኒው ነው። ዲቃሎቹን ሳይጨምር 231 ከሚሆኑት ፊደላት ብዙዎቹ የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው። የ«ቡ» ቅጥያ ከወገቡ፣ የ«ቢ» ከእግሩ ይወጣል፤ ጥቂት ዝቅ ካለ «ሳቡ» የተባለው «ሳቢ» ሆኖ ይነበባል። «ሰም»ን ከ«ሳም» የሚለየውም የአንድ እግር ርዝመት ብቻ ነው። አምባ ጊዮርጊስም ሆነ አዲስ አበባ ያለ የ1ኛ ክፍል ተማሪ ይህን የሚለየው መምህሩ የፊደሉን አጣጣል ሰሌዳ ላይ ሲያሳየውና ደብተሩን ሲያርምለት እንጂ በራሱ አይደለም።

«ድሮ የቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ጽሕፈት ያውቅ ነበር» የሚባለውም ስሕተት ነው። በጎንደርና በወገራ አድባራት ሕፃኑ ከፊደልና ከአቡጊዳ ተነሥቶ፣ መልእክተ ዮሐንስን አልፎ ዳዊት ይደግም ነበር፤ ትምህርቱ ግን ንባብ ነው። ዳዊት ደግሞ ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው ብርቅ አልነበረም። ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፦ ተማሪው ከቁም ጸሓፊ ዘንድ ተቀምጦ ብራና መፋቅን፣ መቃ መቅረጽን፣ ቀለም መበጥበጥን ይለማመዳል። በጎንደር ዘመን የጎላው «ጉልሕ» የተባለ ደልደል ያለ አጣጣል የእነዚህ እጆች ሥራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ካከማቿቸው፣ ብዙዎቹም ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ከመጡት መጻሕፍት 350 ያህሉ ከ1868 (እ.ኤ.አ.) ዘመቻ በኋላ ለንደን ገብተዋል። ከነዚህ በአንዱም ፊደል ከፊደል አልተያያዘም፤ ቃል ከቃልም በሁለት ነጥብ ተለይቷል። ውበቱ ከመያያዝ የመጣ አይደለም።

ከርሲቭ አእምሮን ይስላል የሚሉ ወላጆችም አሉ። በፈረንሳይና በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት፣ ማንበብ ያልጀመሩ ሕፃናት ፊደልን በእጃቸው ሲጽፉ የቁልፍ ሰሌዳ ከመጫን ይልቅ በተሻለ እንደሚለዩት ነው። ጥቅሙ የመጻፉ እንጂ የማያያዙ አይደለም። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ከርሲቭ ቢቀር ብዙም አይጎዳም፤ የፊደል አጣጣል ልምምድ ግን መቅረት የለበትም።

«ስልክ እያለ የእጅ ጽሕፈት ለምን?» ለሚለው መልሱ ሕጉ ውስጥ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 884፣ ምስክር የማያሻውን ኑዛዜ የሚቀበለው ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ ከተጻፈ ብቻ ነው። በመኪና ከተጻፈም ተናዛዡ ይህንኑ በየገጹ በእጁ ጽፎ ካላረጋገጠ ኑዛዜው ፈራሽ ይሆናል።