«ገቺ»፣ «ኬላ»፣ «ልጓም»፦ የጨጓራ በሽታን በሚመለከቱ ሦስት ስያሜዎች ላይ

አንድ የሕክምና ቃል ፊደል በፊደል በትክክል ተተርጉሞ ሳለ አንባቢውን ወደ ተቃራኒ ትርጉም ሊመራው ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመከላከያ ሕዋሳትን የሚገቱ ተቀባዮች በጨጓራ በሽታ ረገድ ያላቸውን ድርሻ በአጭሩ ገልጾ፣ ከዚሁ ጋር ለተያያዙ ጽንሰ ሐሳቦች የአማርኛ ስያሜ ማመልከት ነው።

በቅድሚያ ነገሩን እንመልከት። ቲ ሕዋስ የተባለው የመከላከያ ሕዋስ በገጹ ላይ ልዩ ልዩ ተቀባዮች አሉት። አንዳንዶቹ ለጥቃት ሲያነሣሡት ሌሎቹ ይገቱታል። ከሚገቱት አንዱ ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቹ በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1992 ያስታወቁት ፒዲ-1 ነው። ይህ ተቀባይ ፒዲ-ኤል1 ከተባለው ተጣማሪው ጋር ሲገናኝ የሕዋሱ እንቅስቃሴ ይዳከማል። መገታቱ በጤናማ አካል ውስጥ ጠቃሚ ነው፤ መከላከያው ልክ አልፎ የገዛ አካሉን እንዳያቆስል ይጠብቃል።

በጨጓራ ውስጥ ግን ይኸው ጥበቃ ለጠላት መጠጊያ ሊሆን ይችላል። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1982 ለይተው ያራቡት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ ካልታከመ በጨጓራ ውስጥ ለዐሥርት ዓመታት ሊኖር ይችላል። በቤተ ሙከራ እንደታየው ተሕዋሲው የጨጓራን የውስጥ ሽፋን ሕዋሳት ፒዲ-ኤል1ን አብዝተው እንዲያወጡ ያደርጋል፤ ሊያጠፋው የመጣው ቲ ሕዋስም ይገታል። ለተሕዋሲው ረጅም ቆይታ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። አንዳንድ የጨጓራ ካንሰር ሕዋሳትም በዚሁ ስልት ከመከላከያው ያመልጣሉ። ኒቮሉማብ የተባለው መድኃኒት ፒዲ-1ን ይዞ ከተጣማሪው ጋር እንዳይገናኝ ያግዳል፤ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2017 ለጨጓራ ካንሰር ሕክምና ፈቅዳዋለች። ተሕዋሲው ራሱ የሚታከመው ግን በፀረ ባክቴሪያና አሲድ በሚቀንሱ መድኃኒቶች ነው።

ወደ ስያሜው ስንመለስ፣ ለተቀባዩ «ገቺ ተቀባይ» የሚለው ይስማማል። «ገታ» የሚሮጥን ፈረስ በልጓም መያዝን ስለሚያሳይ፣ ኃይል ያለው ነገር ሳይጠፋ መያዙን ያስረዳል። «ከልካይ» ቢባል ግን «ተከላከለ» ከዚያው ሥር የወጣ በመሆኑ ተከላካዩና ተከላካዩን የሚይዘው ይምታታሉ።

እንግሊዝኛው እነዚህን ተቀባዮች በፍተሻ ጣቢያ ይመስላቸዋል። በአማርኛ «ኬላ» ማለት ቀላል ይመስላል። ሆኖም «ኬላ» ያነበበ ሰው የሚቆመው ሰርጎ ገቡ ተሕዋሲ ነው ብሎ ያስባል፤ እዚህ የሚቆመው ግን ዘቡ ራሱ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው የመድኃኒቱ ስም ነው። ገቺውን የሚገታ በመሆኑ ተርጓሚ አሳጥሮ «መከላከያ ገቺ» ቢለው፣ ኩላሊት የተተካለት ሰው አዲሱን አካል እንዳይጥል ከሚወስደው መድኃኒት ጋር አንድ ያደርገዋል። የሁለቱ ሥራ ግን ተቃራኒ ነው። ታማሚው «የመከላከል ኃይሌን ሊያደክሙብኝ ነው» ብሎ ሕክምናውን ሊሸሽ ይችላል። ወይም የተለቀቀው መከላከያ አንጀቱን ወይም ሳንባውን ሲያስቆጣ፣ እንዲህ ያለ ጉዳት ስላልጠበቀ ለሐኪሙ ሳይነግር ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ «መከላከያ ገቺ» ለንቅለ ተከላው መድኃኒት ተለይቶ ቢቀር፣ ይህኛው ደግሞ «ልጓም ፈቺ» ቢባል ይሻላል። ሁለተኛው ስያሜ ከ«ገቺ ተቀባይ» ጋር በምሳሌ የተሳሰረ ከመሆኑም በላይ፣ ልጓሙ የተፈታለት ፈረስ ጋላቢውንም ሊጥል እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

እንግዲህ ተርጓሚ በዚህ መስክ ስያሜ ከማጽደቁ በፊት አንድ ጥያቄ ቢያስቀድም ይጠቅመዋል፦ ማን ማንን ይገታል? መልሱ ከስያሜው ካልተነበበ ስያሜው ገና አልተገኘም።