ዳታው የት ቀረ? በፍሉም ወደ ሃዱፕ ስለሚገባ ዳታ ተረትና እውነታ

ፍሉም የሰርቨር ሎጎችን እየሰበሰበ ወደ ሃዱፕ ማከማቻ፣ ወደ ኤችዲኤፍኤስ፣ ያስገባል። ሶርሱ ይቀበላል፣ ቻናሉ ያቆያል፣ ሲንኩ ይጽፋል። ችግር ሲፈጠር ለማግኘት የሚያስቸግረው አንዱ ጋ ተነሥቶ ሌላው ጋ ስለሚታይ ነው። በባለሙያዎች መካከል የሚዘዋወሩት የተሳሳቱ እምነቶችም አብዛኞቹ ከዚህ የመጡ ናቸው።

ተረት፦ «ትንሽ ፋይልም ሙሉ 128 ሜጋባይት ይይዛል፤ ዲስኩ የሚሞላው ለዚህ ነው።»

የትንንሽ ፋይሎች ጣጣ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ይህ አይደለም። 128 ሜጋባይት የብሎክ ጣሪያ ነው። የ1 ኪሎባይት ፋይል ዲስክ ላይ የሚይዘው 1 ኪሎባይት፣ በተለመደው የ3 ቅጂ አሠራር ደግሞ 3 ኪሎባይት ነው። የሚጎዳው የፋይሎቹን ዝርዝር የሚይዘው ሰርቨር፣ የኔምኖዱ፣ ሜሞሪ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፋይልና ለእያንዳንዱ ብሎክ በግምት 150 ባይት ራም ላይ ይይዛል። 1 ጊጋባይት ዳታ በ128 ሜጋባይት ፋይሎች ቢቀመጥ 8 ፋይል ብቻ ነው። ያው ዳታ በ1 ኪሎባይት ቢቆራረጥ ከ1 ሚሊዮን ፋይል ያልፋል፤ ኔምኖዱንም ወደ 300 ሜጋባይት ራም ያስወጣዋል።

ተረት፦ «ሮል ሳይዙን ከፍ ካደረግሁ ፋይሎቹ ትልልቅ ይሆናሉ።»

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ፍሉም ፋይል ዘግቶ ሌላ የሚከፍትባቸው ሦስት መለኪያዎች አሉ፦ ጊዜ፣ መጠን (ሮል ሳይዝ) እና የመዝገብ ቁጥር፤ ዲፎልታቸውም 30 ሰከንድ፣ 1024 ባይትና 10 መዝገብ ነው። ቀድሞ የሞላው ፋይሉን ይዘጋዋል። ስለዚህ መጠኑን 128 ሜጋባይት አድርጎ የመዝገብ ቁጥሩን ያልነካ ሰው ፋይሉ አሁንም በ10 መዝገብ ሲዘጋበት ያያል። የማይፈልጉትን መለኪያ 0 ማድረግ ያጠፋዋል። በእኔ እምነት ይህ ዲፎልት ለሙከራ እንጂ ለሥራ የሚሆን አይደለም፤ ማንም ሳይቀይረው ወደ ሥራ ሊያስገባው አይገባም።

ሦስቱንም አስተካክሎ ፋይሎቹ አሁንም ትንንሽ የሚሆኑበት አለ። አንድ ዳታኖድ (ብሎኮቹን የሚያስቀምጥ ሰርቨር) ብቻ ባለው የመለማመጃ ክላስተር ላይ የቅጂ ቁጥሩ 3 እንደሆነ ከቀረ፣ ፍሉም ብሎኩ በቂ ቅጂ እንደሌለው ያይና መጠኑን ሳይጠብቅ ፋይሉን ይዘጋል። ይህንንም በተከታታይ እስከ 30 ጊዜ ያደርገዋል። መፍትሔው የክላስተሩን የቅጂ ቁጥር ማስተካከል ወይም በፍሉም ቅንብር ላይ ዝቅተኛውን የብሎክ ቅጂ 1 ማድረግ ነው።

ተረት፦ «ፋይሉ 0 ባይት ስለሚል ምንም አልገባም።»

መጨረሻው ላይ ቲኤምፒ የሚል ቅጥያ ካለው ገና እየተጻፈ ነው። ዝርዝሩ ላይ የሚታየው ኔምኖዱ የሚያውቀው ርዝመት ነው፤ ብሎኩ እስኪሞላ ወይም ፋይሉ እስኪዘጋ 0 ሊል ይችላል። ፋይሉን ከፍታችሁ አንብቡት።

ተረት፦ «ወደ 0 ኖድ ብቻ ተቀዳ የሚለው ስሕተት ዲስክ ሞላ ማለት ነው።»

ሊሆን ይችላል። መልእክቱን ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። አንድ ዳታኖድ እየሠራ እንደሆነና አንዱ እንደተገለለ ከተናገረ፣ የሚጽፈው ፍሉም ሞክሮ ሊደርስበት አልቻለም ማለት ነው። ኔምኖድ ዳታውን ራሱ አይቀበልም፤ የዳታኖዱን አድራሻ ሰጥቶ ወደዚያ ይልካል። ኔምኖድ ጋ የሚያደርሰው ፖርት ክፍት ሆኖ የዳታኖዱ ፖርት በፋየርዎል ከተዘጋ የፋይሉ ስም ይፈጠራል፣ ይዘቱ ግን አይገባም። የዳታኖዱ ፖርት በሃዱፕ 2 ላይ 50010 ነበር፤ በሃዱፕ 3 ደግሞ 9866 ሆኗል። ከአፕግሬድ በኋላ ይህ ስሕተት ከመጣ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ፖርት ነው።

ተረት፦ «የዛሬው ፎልደር ጎደለ፤ ዳታ ጠፍቷል።»

አዲስ አበባ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ሰርቨሩ በዩቲሲ የሚሠራ ከሆነ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የተመዘገበው ሁሉ በትናንቱ ቀን ስም በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። የሲንኩን የሰዓት ክልል ወደ አዲስ አበባ መቀየር ይበቃል።

ተረት፦ «ሲንኩ ሲደናቀፍ ሪስታርት ማድረግ ነው።»

ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። ቻናሉ የሜሞሪ ቻናል ከሆነ ወደ ማከማቻው ያልደረሰው ዳታ ያለው ራም ላይ ብቻ ነው፤ ፕሮሰሱ ሲቆም አብሮ ይጠፋል። የፋይል ቻናል ዲስክ ላይ ስለሚጽፍ ይዘገያል፣ ነገር ግን ከሪስታርት በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል። ሎጉን በቴይል ትእዛዝ የሚያነበው ኤግዜክ ሶርስም ቻናሉ ሲሞላ ያለፈውን መስመር መልሶ ማምጣት አይችልም። ከፍሉም 1.7 ጀምሮ ያለው ቴይልዲር ግን የደረሰበትን ቦታ ፋይል ላይ ይመዘግባል። እንዲህም ሆኖ ድጋሚ የተጻፈ መዝገብ ሊያጋጥም ይችላል፤ ተደጋጋሚውን ኋላ ማጣራት ይቻላል፣ የጠፋውን ግን ከየትም አታመጡትም። ስለዚህ እባካችሁ፣ ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት የቻናላችሁን ዓይነት እዩ፤ የሜሞሪ ቻናል ከሆነ መጀመሪያ ዋናው ሎግ ሳይሰረዝ መኖሩን አረጋግጡ።