ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ድንኳን ለምትተክሉ

በአስጎብኚነት ሥራዬ በብዛት የምጠየቀው ስለ ውሃው ቀለም ነው። ላንጋኖን ያደፈረሰው ደለል እንጂ ቆሻሻ አይደለም፤ ከቢልሃርዚያ ነፃ በመባሉም ለዋና ይመረጣል። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ግን አትግቡ።

እኔን የሚያሳስበኝ ወባ ነው። ላንጋኖ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነና ስለሚሞቅ ለትንኟ ይመቻታል። ሳይመሽ እጅጌ ረጅም ልበሱ። የድንኳኑ መረብ ዚፑ ክፍት ከተተወ ዋጋ የለውም (ልጆች ያሉበት ድንኳን ሁሌም ክፍት ነው!)። ከተመለሳችሁ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን ትኩሳት ከያዛችሁ የት እንደከረማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

የግራር ጥላ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ እሾሁን ጥረጉ፣ ወለሉን ይበሳዋል። ነፋስ ስላለ ካስማውን አጥብቁ። የሚጠጣ ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ያዙ። ሙዙን ከጦጣ ደብቁ።