ቡቺ ለምን ሦስት ወር ይጠብቃል?

በድሬዳዋ ከተማ፣ በቀፊራ አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በመስከረም መባቻ ወደ አውሮፓ የሚሄድበትን ቪዛ አገኘ እንበል። በረራው በኅዳር ወር ነው። ልጆቹ ቡቺ የተባለውን ውሻቸውን ትተው መሄድ አይፈልጉም። አባትየው ግን ውሻው በየዓመቱ ስለ መከተቡ የሚመሰክር ካርድ በእጁ ስላለ እምብዛም አልተጨነቀም። ጉዳዩን ሲያጣራ ካርዱ ብቻውን እንደማይበቃና ዝግጅቱ ቢያንስ አራት ወር እንደሚፈጅ ይነገረዋል። ውሻው ከተከተበ ይህ ሁሉ ጥበቃ ለምን አስፈለገ? መልሱን የምናገኘው በእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ጠባይ ውስጥ ነው።

ቫይረሱ በንክሻ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ እንደ ሌሎች ብዙ ቫይረሶች በደም ውስጥ አይሰራጭም። የነርቭን መስመር ይዞ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ከዚያም ወደ ምራቅ አመንጪ ዕጢዎች ይወርዳል። ይህ ጉዞ በውሾች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል፤ አንዳንዴም ከዚህ ይበልጣል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ውሻው ይበላል፣ ይጫወታል፣ ጤናማ ይመስላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን በሽታው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ገዳይ ነው።

የሚገርመው፣ ሰውን የሚያድነውም ይኸው አዝጋሚነት ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ጆሴፍ ሜስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ከተነከሰ በኋላ ሲከትበው ክትባቱ ሊቀድም የቻለው ቫይረሱ ገና በመንገድ ላይ ስለ ነበረ ነው። ለጤና ቁጥጥር ባለሙያ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ዛሬ የሚከተበው ውሻ ትናንት ተነክሶ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?

የአውሮፓ ኅብረት ሥርዓት የተነደፈው ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። በመጀመሪያ የሩዝ ፍሬ የምታህል ማይክሮቺፕ ከውሻው ቆዳ ሥር ትገባለች። ማይክሮቺፗ ባትሪ የላትም፤ በማንበቢያ መሣሪያ ሞገድ ስትነቃ 15 አሃዝ ያለውን መለያ ቁጥሯን ትናገራለች። ክትባቱ የሚቆጠረው ከዚህ በኋላ ሲሰጥ ብቻ ነው። የቡቺ የቀድሞ ክትባቶች ዋጋ ያጡትም ስለዚህ ነው፤ ካርዱ ላይ የተጻፈው ውሻ ይኸኛው ለመሆኑ ማስረጃ የለም።

ክትባቱ ከተሰጠ ቢያንስ 30 ቀን ሲሞላው ደም ይቀዳል፤ ከደሙ የተለየው ሴረምም ኅብረቱ ወደሚቀበለው ላቦራቶሪ ይላካል። በዚያም ሴረሙ ከሕያው ቫይረስ ጋር ተቀላቅሎ በሕዋሳት ላይ ይፈተናል። በሴረሙ ውስጥ አንቲቦዲ የተባሉት የመከላከያ ፕሮቲኖች በቂ ከሆኑ ሕዋሳቱ ከቫይረሱ ይድናሉ። ማለፊያው በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። ነገር ግን ይህ ውጤት ክትባቱ መሥራቱን ቢያረጋግጥም ውሻው ከመከተቡ በፊት ተነክሶ እንዳልነበረ አይነግረንም። ይህን የሚነግረን ጊዜ ብቻ ነው፤ በመሆኑም ደሙ ከተቀዳበት ዕለት ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ይሆናል። ለድመትም ሕጉ አንድ ነው።

ሕጉ በኢትዮጵያ ላይ የጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በሽታው በውሾቻችን ዘንድ ዛሬም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 ደግሞ ወደ ባሌ ተራሮች ተሻግሮ በዓለም በእኛ አገር ብቻ የሚገኘውን ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል። አሜሪካም ኢትዮጵያን ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ መድባለች። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ ዕድሜው 6 ወር ያልሞላውን ውሻ አታስገባም፤ በውጭ አገር ተከትቦ ተቀባይነት ያለው የደም ምርመራ ውጤት ያልያዘውንም ለ28 ቀናት ለይታ ታቆያለች።

ለድሬዳዋ ነዋሪ ሙቀቱ ሌላ ፈተና ነው። ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ነው። የተቀዳ ደምም ሳይለይ በሙቀት ከቆየ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ይፈነዱና ሴረሙን ያበላሹታል። ውሻው ራሱስ? በላብ ሳይሆን በማለክለክ ስለሚቀዘቅዝ የጉዞ ሳጥኑ አየር እንደ ልብ የሚያስገባ፣ ቆሞ ሊዞርበትም የሚበቃው መሆን አለበት። ማደንዘዣ ሰጥቶ ማስተኛት መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ የሰውነትን ሙቀት መቆጣጠሪያ ስለሚያዳክም ባለሙያዎች አይመክሩትም። ይልቁንስ ሳጥኑን ከሳምንታት በፊት ቤት ውስጥ አስቀምጦ ውሻውን ማለማመድ ይሻላል።

አሁን የቡቺን ቀን እንቁጠር። መስከረም 1 ቀን ማይክሮቺፕ ገብቶለት ቢከተብ፣ ደሙ የሚቀዳው ቢፈጥን ጥቅምት 1 ቀን ነው። ሦስት ወሩ በእኛ አቆጣጠር ጥር 1 ቀን የሚሞላ ይመስላል። ተቀባዩ አገር የሚቆጥረው ግን በራሱ ወራት ስለሆነ 90 ሳይሆን 92 ቀን ይመጣል፤ ማለትም ጥር 3። ቤተሰቡ በኅዳር ሲበርር ቡቺ አክስታቸው ዘንድ በቀፊራ ይቆያል፤ ለእርሱ የሚቆረጠው ቲኬትም ከጥር 3 ወዲህ መሆን የለበትም።